የሠላሳ አራቱ ቬንደል

ቬንደል ኮቺሽ ሲናደድ ጆሮው ይቀላል። በአሜሪካዋ ቶሌዶ፣ በሀንጋሪዎቹ ሰፈር፣ ይህን የማያውቅ የለም። ሚስቱ ሮዚ እንኳ ጆሮውን አይታ ነው የምታናግረው። በ1954 ኅዳር ግን ጆሮው ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደቀላ ከረመ።

የኬንድሪክ መኪና ፋብሪካ ለ1955 ሦስት አዳዲስ መኪኖች አውጥቶ ነበር፤ ትንሿን ቪስታ፣ መካከለኛውን ሬጀንት፣ ትልቁን ቻንስለር። ሁሉም ባለ ሁለት ቀለም ነበሩ። የበለጠ የተወራው ግን ስለ ሞተሩ ነው። ስምንቱን ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የደረደረው አሮጌው ሞተር ቀርቶ፣ አራት አራት ሆነው ግራና ቀኝ የሚያዘነብሉበት ቪ ኤይት መጣ። ለእሱም ከወንዙ ማዶ አዲስ ፋብሪካ ተሠራ። የአሮጌው ሞተር ክፍል ሊዘጋ ነው፤ ወደ ማዶ የሚሻገሩት ከ1934 በፊት የተቀጠሩ ብቻ ናቸው፣ የቀረው ቤቱ ይገባል። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ቬንደል ከሚባረሩት መካከል ስሙን አገኘ፤ «ኮቺሽ፣ 1934»።

ሰውየው የተቀጠረው በ1933 ጥቅምት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነበር፤ ከማቅለጫው የወጣውን የሞተር ብሎክ በትንሽ መዶሻ መታ አድርጎ ማዳመጥ። ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት መሐንዲስ «ይሄ ደህና ነው፣ አሳልፈው» ቢለው «ደህና ከሆነ ለራስህ ግዛዋ» ብሎት ብሎኩን ወደ ጎን ገፋው። ብሎኩ ሲቆረጥ ስንጥቁ ወለል ብሎ ታየ። መሐንዲሱ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ቬንደልም እስከ ዛሬ አልማረውም።

ስህተቱ የመጣው ከራሱ አፍ ነው፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነበር። በፋብሪካው ዓመቱ የሚጠባው በመስከረም ነው፣ የመጪው ዓመት መኪና መሠራት ሲጀምር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሠራተኛ ሁሉ የሚናገረው በመጪው ዓመት ቁጥር ነው። ቬንደልና ሮዚ ትልቋን ልጃቸውን «በአርባ ሰባቱ ነው የዳርናት» ይላሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ግን 1946 ይላል። በ1937 የሠራተኛ ማኅበሩ ሲቋቋም አንድ ጸሐፊ እየዞረ ሁሉን ጠይቆ መዘገበ። ቬንደልን መቼ ጀመርክ ቢለው «በሠላሳ አራቱ» አለ። ጸሐፊው ጻፈ፣ ቬንደል ፈረመ።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ሚስተር ፕሩት ሰው ሲያናግር ዓይኑ ወረቀት ላይ ነው።

«በራስህ አፍ የተናገርከው፣ በራስህ እጅ የፈረምከው ነው» አለው። «የተጻፈ ተጽፏል። ምስክር ካለህ አምጣ።»

ምስክሩ ኢምሬ ነበር፤ ከቬንደል ጋር በአንድ ቀን ተቀጥሮ፣ ሳንባውን ታሞ ሥራ ያቆመ ጓደኛው። ቬንደል መንገዱን ሙሉ ሲያስጠናው ሄደ።

«ምን ትላለህ?»

«ጥቅምት፣ 1933።»

«ድገመው።»

«አንተ ሰውዬ፣ አባታችን ሆይ አስመሰልከው እኮ።»

ፕሩት ግን ዓመቱን በቀጥታ አልጠየቀም። «ያኔ ስትጀምሩ ምን ነበር የምትሠሩት?» አለ።

የኢምሬ ፊት በራ። «ሠላሳ አራቱን ነዋ! ምን ያለ መኪና መሰለዎት፣ ያ እኮ—»

«ሠላሳ አራት» እያለ ፕሩት ጻፈ። ኢምሬ አፉን በእጁ ያዘ፤ ምን ያደርጋል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ደረጃው ላይ ቬንደል ፈነዳበት። «ምላስህ ይቆረጥ! ጠላት ቢመሰክርብኝ ከዚህ በላይ ምን ይላል?»

«አንተስ ያልከው ምን ነበር?» አለ ኢምሬ እያሳለ። «የአንተኑ ቃል ነው የደገምኩት።»

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ቬንደልን ይብስ አቃጠለው፤ ለሳምንት አላናገረውም።

የስንብት ደብዳቤው ዓርብ ቀን መጣ። ሮዚ ምሳ ላይ ቆማ ታነብለት ጀመር፤ አንዱ መስመር ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ደግማ አነበበችው።

«ቬንደል፣ የሚያሰናብቱህ ለከርሞ ነው እንዴ?»

ነጠቃት። እንግሊዝኛው ቢያስቸግረው ቁጥር አያስቸግረውም። ከኅዳር 30፣ 1955 ጀምሮ፣ ይላል። ከሥሩ የፕሩት ፊርማ። ቬንደል ሳቀ፤ ሮዚ ግን ሳቁን አልወደደችውም። ሾርባውን ትቶ ወጣ።

ፕሩት ደብዳቤውን አየና ትከሻውን ነቀነቀ። «የእጅ ስህተት ነው። አሁን 1954 መሆኑን ማን የማያውቅ አለ?»

«የተጻፈ ተጽፏል ብለውኝ ነበር» አለ ቬንደል። «እንግዲያው አንድ ዓመት እሠራለሁ።»

«ቀልዱን ተው ኮቺሽ። እዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ አምስት ስንል ነው የምንውለው፤ እጅ የለመደውን—» ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከወረቀቱ አነሣ።

«ጨርሰው እንጂ» አለ ቬንደል፤ አንቱታው እዚያው ቀረ። «እጅ የለመደውን ይጽፋል። አፍስ? ያንተ እጅ ሲሳሳት ስህተት ነው፣ የእኔ አፍ ሲሳሳት ሕግ ነው? ሃያ አንድ ዓመት የእናንተን ስንጥቅ ስሰማ ኖሬ፣ የእኔን የሚሰማ አንድ ሰው ይጥፋ?»

በጎን ያሉት ጸሐፊዎች መተየብ አቆሙ። ፕሩት አንገቱ እየቀላ ብዕሩን አነሣና እጁን ዘረጋ።

«እሺ፣ አምጣው ላርመው።»

ቬንደል መዳፉን ደብዳቤው ላይ አሳረፈ።

«መጀመሪያ የእኔን።»