ለገብስ እኩል ማካፈል

የማኅበራችን ሙሴ ነኝ፤ ዳቦ ስቆርስ አንዱ ከሌላው በፍርፋሪ እንኳ አይበልጥም። ይህንኑ ሙያዬን ማሳዬም ላይ ስሠራበት ኖሬአለሁ፤ ማዳበሪያውን ከላይኛው ጭንጫ እስከ ታችኛው ጥቁር አፈር እኩል እበትናለሁ። አምና የታቹ ገብስ ጋሽቦ መሬት ላይ ተኛ፤ የላዩ ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም።

ባለቤቴ የተረፈችውን ዘር ጎታ ውስጥ ከደነቻት። "ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ዘር የምትለምነው አማችህን ነው" አለችኝ።

አማቼ ደግ ሰው ነው። ክፋቱ፣ የሰጠውን በየሠርጉ ማውራቱ ነው።

ግንቦት ላይ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ፣ ገና ልጅ እግር ናት፣ አካፋ ይዛ ከንፋስ መውጫ መጣች። ከየቦታው አፈር እየቆፈረች፣ በውኃ እያራሰች፣ በጣቶቿ ትደፈጥጠው ጀመር። የታቹ እንደ ገመድ ተሳበ፤ የላዩ ወዲያው ተፈረካከሰ።

"አባቴ፣ ይህ አንድ ማሳ አይደለም፤ ሦስት ነው።"

"ቀስ በይ ልጄ፣ ግብር የምከፍለው ለአንድ ነው።"

እየሳቀች ድንበሩን በድንጋይ ለየችልኝ። ላይኛው ፍግና ባቄላ፤ መካከለኛው ገብስ ከነማዳበሪያው፤ ታችኛው ገብስ ያለ ማዳበሪያ። ጎርፉ ከላይ አጥቦ የሚያወርድለት ይበቃዋል አለች።

ከዚያ ወዲያ ጭቃ ሳልደፈጥጥ የማልፈው ማሳ ጠፋ። የንስሐ አባቴ መንገድ ላይ አይተውኝ፣ "ምነው፣ ቤት ልትመርግ ነው?" አሉኝ።

ሰኔ ላይ ስንዘራ እንዳለችው አደረግሁ፤ ማለቴ፣ ከሞላ ጎደል። ታችኛውን ጾሙን ማሳደር ከበደኝ። ባለቤቴ ጀርባዋን ስትሰጠኝ በአንዱ ፈር ላይ ትንሽ ማዳበሪያ በተን አደረግሁለት።

ገብሱ ሲደርስ ማሳው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከታችኛው መካከል ግን አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ተጋድሟል።

"ማን ነው እዚህ ያደረው?" አለች ባለቤቴ።

"ጅብ ይሆናል።"

"ጅቡ ማዳበሪያም ይበትናል?"

ባለሙያዋ ስትመጣ ሳልወድ ተናዘዝሁ። አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ ከተኛውም ከቆመውም ዛላ ፈለፈለች፤ የቆመው ፍሬ ድፍን፣ የተኛው ኮሳሳ። እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ መፈልፈል ያዝሁ፤ ያቺ ጭብጥ ማዳበሪያ ይህን ሁሉ መሥራቷ ገርሞኝ፣ ለምሳ እስክጠራ አልተነሣሁም።

አውድማ ላይ ባለቤቴ ዘሩን ከቆመው መርጣ ጎታዋን ሞላች፤ እኔም ከአማቼ ደጅ ተረፍሁ። የተኛውን ለብቻው ወቅታ ቆላችው።

"ይሄ ያንተ ነው፤ ቆርጥም" አለችኝ፣ ጥርስ ያለኝ ይመስል።

በአፌ እያገላበጥሁ ላይኛውን ጭንጫ አያለሁ። ከባቄላው በኋላ ገብስ ቢያገኝ ምን ይል ይሆን?