ፈውዚያ እና «ራን» የሚለው ቃል

ታናሽ እህቴ ፈውዚያ ደብረ ማርቆስ ገበያ በአባታችን ሱቅ በርበሬ ስትሸጥ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ዘንድሮ ግን በርበሬያችንን «ራን» የሚባል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፈጀው።

የማታ ተማሪ ናት፣ ስምንተኛ ክፍል። መምህሯ «አንድ አንድ ቃል ያዙና ትርጉሙን ሁሉ ልቀሙ» ብሏቸው ለእሷ «ራን» ደረሳት። እኔ «መሮጥ ነው» ብዬ የገላገልኳት መስሎኝ ነበር። እሷ እቴ! የደንበኛን ምርቃት ሕግ አወጣችለት፤ አዲስ ትርጉም ላመጣ አንድ ማንኪያ በርበሬ ትጨምራለች፣ ዝም ብሎ የገዛ ምርቃት የለውም።

ወሬው ዩኒቨርሲቲ ደረሰና ተማሪው ጎረፈ። አንዷ የነርስ ተማሪ የአፍንጫ መውረድ፣ አንድ የደጀን ሹፌር የአውቶቡስ በመስመሩ መመላለስ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሙራድ የቀለም መልቀቅ አመጡላት። ለምርጫ መወዳደር፣ ሱቅ ማስተዳደር፣ የውኃ መፍሰስ ሁሉ ካርቶን ላይ ተጻፈ። ለተመሳሳይ ቃል የምትሰጠው ግማሽ ማንኪያ ነው፤ «ስፕሪንት»ን፣ ማለትም በፍጥነት መሮጥን፣ ያመጣው ልጅ ግን ተከራክሮ ሙሉ አስደረጋት።

«አንቺ፣ ለአንድ ሩጫ ይህ ሁሉ በርበሬ?» እላታለሁ።

«አርፈህ ከረጢቱን ያዝልኝ፣ ወንድም ጋሼ!»

እውነቱን ልናገር፤ ያነጫነጨኝ በርበሬው አልነበረም። አባታችን ሲሞት «ሱቁን አንቺ ያዢ» ብዬ ከሰባተኛ ክፍል ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም፤ ካርቶኑ በሞላ ቁጥር ግን አፍር ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘኋት። ጥበቃው በትሕትና «እናቴ፣ ልጅዎን እዚሁ ይሰናበቱ፤ ወላጅ አይገባም» አላት። ገበያውን በምላሷ የምትገዛዋ ሴት የፈተና መታወቂያዋን ሻርፗ ሥር ሸሸገችና «እንመለስ» አለችኝ።

አልቻልኩም። «ተፈታኟ እሷ ናት!» አልኩት፣ ልጆቹ ሁሉ እስኪዞሩ ጮኼ። «ያኔ ትምህርቷን ያስጣልኳት እኔ ነኝ። እኔ እንድማር ነው የቀረችው። አስገባልኝ፣ ወንድሜ።»

ጥበቃው በሩን ከፈተላት። ፈውዚያ ወዲያው አልገባችም፤ ቆማ ፊቴን አየችው።

«ለካ ታውቀው ኖሯል» አለችና ገባች።