ሞኙ ገበሬና የእናቴ ወንበር

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚሰማው የተሰበረ ነገር ይዞ የመጣ ሰው ብቻ ነበር። ሕጉን ያወጡት አያቴ አባባ ፈለቀ ናቸው። «እጄ ሥራ ካልያዘ አፌ አይፈታም» ይሉ ነበር፤ እውነትም አይፈታላቸውም። ስለዚህ እኛ የሞያሌ ልጆች፣ በኬንያ በኩል ካለችው የእናቴ ትንሽ ሆቴል ጓሮ ያኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምንሰበሰበው፣ እጀታው የወለቀ ድስት፣ ሶሉ የተገነጠለ ጫማ፣ ስንጥቅ ጄሪካን እየያዝን ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ጉዮ አንድ ቀን የተሰበረ ነገር ቢያጣ ወለም ያለ ጣቱን ይዞ መጣ። «አካኮ፣ ይሄ ተሰብሯል» አላቸው፤ ቦረናዎች አያታቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። አያቴ ጣቱን በፋኖሱ ብርሃን አገላብጠው አዩና «ይሄ እንኳ ራሱን በራሱ ይጠግናል። ለማንኛውም ተቀመጥ» አሉት።

መብራት በየምሽቱ ስለሚጠፋ የአያቴ ፋኖስ ከግድግዳው ሚስማር ላይ ወርዳ አታውቅም። ከሥሯ ሻይ የፈላበት የከሰል ምድጃ ፍሙ ገና አልከሰመም፤ ብረት ማጋል ሲያስፈልጋቸው እዚያው ፍም ውስጥ ይከቱታል፤ ጓሮው በሙሉ ጋዝ፣ ኮላና የጋለ ብረት ይሸታል፤ ያ ሽታ ዛሬም የትም ቢያጋጥመኝ ዞር ብዬ አያቴን እፈልጋለሁ። የሚያወሩት ሚስማሮቹን በከንፈራቸው ይዘው ነው። እንግዳ ሰው አንድም ቃል አይገባውም ነበር፤ እኛ ግን በሚስማር መሃል አልፎ የሚመጣውን አማርኛ ለምደነዋል።

«አንድ ሞኝ ገበሬ ነበር» ብለው ይጀምራሉ።

«ዛሬስ ምን አጠፋ?» እንላለን ሁላችን ባንድ ድምፅ።

ሞኙ ገበሬ ሳያጠፋ የዋለበት ቀን የለም። እዚሁ ኬንያ ውስጥ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ በነበረ ጊዜ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ለድንኳኑ በር ሠራ፣ ቁልፍ ሁሉ አበጀለት። ከዚያ ቁልፉን ጣለው። ሸራውን ገለብ አድርጎ መግባት ሲችል ከራሱ በር ፊት ቆሞ እያንኳኳ ሚስቱን «ክፈቺልኝ» ብሎ ሲለማመጥ ካምፑ በሙሉ ሳቀበት። በሳምንቱ ግን የሳቁት ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ «ለእኛም በር ሥራልን» አሉት። «ለምን መሰላችሁ?» አሉ አያቴ፣ ሚስማሩን ከአፋቸው አውጥተው። «ሰው በሩ ሲንኳኳ ቤት ያለው ይመስለዋል።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ኡራን በምትባል መንደር የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሰዉም ከብቱም ተጠምቶ ሳለ፣ ሞኙ ገበሬ በሎሪ ተጭኖ ሄደ። ፓምፑን ቢፈታው ውስጡ ያለው ክብ ቆዳ ተበልቶ አልቋል። መለዋወጫ የለ ነገር። ቀበቶውን ፈታና ቆርጦ ከተተው። ውሃው ሲንፎለፎል ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሱም ደስ ብሎት ሁለት እጁን ሰቅሎ ሲጨፍር ሱሪው ወረደ። ሽማግሌዎቹ ግመል የሚታሰርበት ገመድ ወገቡ ላይ አስረው ሸኙት። እኛ ሆዳችንን ይዘን ተንከባለልን። እየሳቅኩ ዓይኔ አያቴ ወገብ ላይ አረፈ፤ ሱሪያቸውን የሚያስሩበት፣ ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው የተጎነጎነ ገመድ አለ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሞኙ ገበሬ ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስንት ቀን በኩራት ሰነበትኩ፤ በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ ግን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

የተጠገነውን ዕቃ ሲመልሱልን «በሉ፣ እስኪሰበር ደህና ሁኑ» ይሉናል። የምሽቱ መዝጊያ ያቺ ቃል ናት።

አያቴ የተወለዱት ወደ ሀገረ ማርያም ባለ ገጠር ነው። እርፍ የጨበጡት ገና ቁመታቸው እርፉን ሳያክል ነው ይባላል። ዘመኑ ሲከፋ ሚስታቸውንና አንዲት ልጃቸውን፣ ያው እናቴን፣ ይዘው ወደ ዋልዳ ወረዱ። ካምፑ ሲዘጋ ሌላው ሰው የመሰለው ቦታ ሲሄድ እሳቸው ሞያሌ ቀሩ፤ ምክንያታቸው ደግሞ ከከተማው ዳር ያዩት ቀይ አፈር ነው። «እንዲህ ያለ አፈር ጦም ሲያድር አይቼ እንዴት ልለፈው?» አሉ። ሰዉ ሁሉ ስለ ግመልና ስለ ፍየል ሲያወራ እሳቸው ሁለት በሬ ጠምደው በቆሎና ቦሎቄ ዘሩ። ጠዋት ማሳ ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ የሰው በር፣ አልጋ፣ ጋሪ ይጠግናሉ። ገበያው በሙሉ በስዋሂሊው «ፉንዲ» እያለ ይጠራቸዋል፤ እጀ ሙያተኛ ማለት ነው። እንዲያ ሲጠሯቸው ቀና ብለው ይራመዱ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አያቴ ከጎረቤት ሱቅ ጣሪያ ወደቁ። ያኔ ሰማንያን ሊደፍኑ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ቆርቆሮ ሊመቱ ወጥተው ነው፤ እግዚአብሔር ሲያወጣቸው አሸዋ ክምር ላይ አረፉ፣ ከጎናቸው መጋጋጥ በቀር ምንም አልሆኑ። እናቴ ግን ቀለሟ ገርጥቶ ቀረ። «አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ መዶሻ አይነኩም» አለች፤ የመሣሪያ ሳጥናቸውን መጋዘን ወስዳ ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ ደበቀችው። በሬዎቹን ለጉዮ አባት አደራ ሰጠች። የተሰበረ ነገር ይዞ የመጣውን ልጅ ሁሉ ከበር መለሰችው። በክፋት አልነበረም። አባቷ አንድ ናቸው፣ ፈርታ ነው።

አያቴ ሆቴሉ ጥግ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ዝም አሉ፣ በሁለተኛው ሻያቸው እየቀዘቀዘ መመለስ ጀመረ። አንድ ከሰዓት ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ የሌለ ብሎን እያጠበቁ ነበር። ባዶ እጄን ሄጄ ተረት ብለምናቸው ፀጉሬን ዳሰሱኝና «ቤዛዬ፣ ሞኙ ገበሬ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ሰው ምን ተረት አለው?» አሉኝ። በዚያች ቅጽበት አያቴ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። የሚያድናቸው ሐኪም አይደለም፣ የተሰበረ ነገር ነው፤ ያውም እናቴ ከበር የማትመልሰው ዓይነት። እናቴ የማትመልሰው ምንድነው ብዬ ሳስብ የራሷን ወንበር አገኘሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ ሽንኩርት የምትልጥበትን፣ አያቴ ራሳቸው ለሠርጓ የሠሩላትን ወንበር።

እናቴ በርበሬ ልትገዛ ድንበር ተሻግራ ኢትዮጵያ በኩል የሄደች ቀን ወንበሩን መጋዘን አስገብቼ መጋዙን ከሳጥኑ አወጣሁ። መጋዝ እንደዚያ እንደሚጮህ ማን ነገረኝ። የወንበሩን እግር ገና ግማሽ እንዳደረስኩ የእናቴን ድምፅ ከደጅ ሰማሁ፤ መጋዙን ዱቄት ጆንያ ሥር ወሸቅኩት፣ ብናኙን በእግሬ በተንኩት፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩት። እቅዴ ማታ ልጨርሰው ነበር። እናቴ ግን ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው እንደሚያደርገው የሽንኩርቱን ሳፋ ታቅፋ በሙሉ ክብደቷ ዘፍ አለችበት።

ሽንኩርቱ እስከ ሎሪ ሾፌሮቹ ጠረጴዛ ድረስ ተንከባለለ። እናቴ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ ባዶ ሳፋ እንደታቀፈች ዙሪያዋን ታያለች። ምንም አልሆነችም። ያኔ አያቴ ከጥጋቸው ብድግ አሉ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሳይጠሩ ሲነሱ የመጀመሪያቸው ነው። ልጃቸውን አንስተው አራገፏትና የወደቀውን የወንበር እግር ያዙ። አውራ ጣታቸውን በተሰበረበት በኩል አሻሹት። የሚሰበር እንጨት ይሸረከታል፤ ይሄኛው ግን ግማሹ ለስልሷል። ቀና ብለው አዩኝ። ጆሮዬ ጋለ።

«ለአናጢ እልከዋለሁ» አለች እናቴ።

«አልማዝ፣ ይሄን ስብራት ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም» አሉ አያቴ። «ሳጥኔን አምጪልኝ።»

እናቴ አየቻቸው። ምን እንዳየችባቸው አላውቅም፤ ሄዳ ሳጥኑን አመጣች።

ያን ምሽት ወሬው በምን እንደደረሰ እንጃ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ጓሯችን መጣ። አያቴ ፋኖሱን ዝቅ አድርገው ሰቀሉ፣ ሚስማሮቹን ጎረሱ፣ የዘይት ቆርቆሮ በጠባቡ እየቆረጡ የወንበሩን እግር ይጠመጥሙበት ጀመር።

«አንድ ሞኝ ገበሬ ነበር።»

«ዛሬስ ምን አጠፋ?» አሉ ልጆቹ።

«ዛሬ እሱ አላጠፋም» አሉ። «ሞኝነቱን ለልጅ ልጁ አውርሶ ነበርና ዛሬ ያጠፋችው እሷ ናት።» ከዚያ ሁሉንም ተረኩት፤ ገበሬው ሥራ ሲከለከል አፉ እንዴት እንደዛገ፣ ልጅቷ መጋዝ እንዴት እንደሰረቀች፣ ሽንኩርቱ እንዴት እንደተንከባለለ። እናቴ በጓሮው በር ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ እጇ ቆመ። መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ አልኩ። ተረቱ «ልጅቷ ግን ወንበር መስበሯ አልነበረም፣ አያቷን መጠገኗ ነበር» ሲል፣ እናቴ መሃረቧን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መስሎኝ ስሮጥ ስትስቅ አገኘኋት። ሁለቱንም እያደረገች ነበር መሰለኝ።

«ጣሪያ ግን የለም፣ አባባ» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«ጣሪያ የለም» አሉ አያቴ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት ላጥኩ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሠሩ። የእርሻው መንገድ እግራቸውን ሲያደክማቸው መቆፈሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሰው በሚያመላልስ ሞተር፣ በቦዳ ቦዳ፣ ወደ ማሳ ይሄዱ ነበር። እኔ ማርሳቢት አዳሪ ትምህርት ቤት ስገባ ግን፣ እናቴ በስልክ «ልጁ ሁሉ ስልክ ላይ ተተክሏል፣ የተሰበረም ነገር ሰው ይጥለዋል እንጂ አያመጣም፤ አባባ ዝም እያሉብኝ ነው» አለችኝ። ለዕረፍት ስመጣ ያ ወንበር ጓሮ ተጋድሞ ጠበቀኝ፤ ሌላኛው እግሩ ወልቋል።

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ አረጀ» አሉኝ አያቴ ፊታቸውን አዙረው።

እግሩን አንስቼ አውራ ጣቴን አሻሸሁበት። ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ ነው። ጉልበታቸው ላይ ነጭ የእንጨት ብናኝ አለ።

«ይሄን ስብራት ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም» አልኳቸው። «መጋዙን የት ደበቁት?»

«አንቺ የደበቅሽበት» አሉኝ።

ያን ምሽት የጠገንኩት እኔ ነኝ፤ ፋኖሱን እሳቸው ያዙልኝ። እጃቸው ሥራ ሳይዝ አፋቸው የተፈታው የዚያን ዕለት ብቻ ነው። «አንድ ሞኝ ገበሬ ነበር» አሉ። «ዛሬስ ምን አጠፋ?» አልኩ፣ ሚስማሩ አፌ ውስጥ እያለ። «ምንም አላጠፋም» አሉ፤ «የልጅ ልጁ ናፈቀችው እንጂ።»

በዚያው ዓመት፣ በቆሎው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ በእንቅልፋቸው አረፉ። ወንበሩ ዛሬ እኔ ጋ ነው፤ ይህንን የምጽፈውም እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። አንደኛውን እግር የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አቆራረጡ ጠማማ ነው፣ የእሳቸው ጥገና ግን እስካሁን ዝንፍ አላለም። ሁለተኛውን የቆረጡት እሳቸው ናቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው እንኳ በክር የተለካ ይመስላል፤ የእኔ ጥገና ግን በተቀመጥኩ ቁጥር ሲጥ ይላል። አንዳንዴ ላጠብቀው መዶሻ አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ሲሰበር ተረት የሚፈልግ ልጅ ቤቴ ውስጥ ይኖራል ብዬ ነው።