የአባዬ ዓይንና የዴ ሞይን ወፎች

ባለፈው ሳምንት ለየዓመቱ ምርመራዬ የዓይን ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ብሌን የሚያሰፋውን፣ የሚያቃጥለውን ጠብታ አድርጋልኝ፣ በብርሃን ዓይኔን እስከ ውስጡ ፈትሻ፣ «ለአሁኑ ደህና ነሽ» ብላ አሰናበተችኝ። ከጠብታው በኋላ መንዳት ስለማልችል ማውንት ቤከር ጣቢያ ቆሜ ባቡር ስጠብቅ ከመብራት ምሰሶው ጫፍ ላይ ነፋስ የወሰደው ነጭ ፌስታል ተሰቅሎ አየሁ። ማን ያወርደው ይሆን እያልኩ ሳስብ ፌስታሉ ክንፉን ዘረጋና እየጮኸ በረረ። ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ግን ዝናብ ባራሰው አየር ውስጥ የባሕር ሽታ የመጣብኝ መሰለኝ፤ ውኃው ሲሸሽ ድንጋዩ ላይ የሚቀረው የአረንጓዴ ሣር፣ የጨውና የበሰበሰ ዛጎል ሽታ። ማውንት ቤከር ላይ እንዲህ ያለ ሽታ የለም። የመጣው ከሌላ ዘመን ነው።

ዓይኔን በየዓመቱ የምመረመረው የአባቴ ልጅ ስለሆንኩ ነው።

ያደግሁት ዴ ሞይን በምትባል ከኤርፖርት አጠገብ ባለች የባሕር ዳር ከተማ ነው፤ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ የሚንቀጠቀጥበት፣ ወሬ ጀምረን መሐል ላይ አቋርጠን እስኪያልፍ የምንጠብቅበት አፓርትመንት ውስጥ። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አባዬ ኤርፖርት ውስጥ የሻንጣ ጋሪ የምትጎትተውን አጭር መኪና ይነዳ ነበር፤ ሌሊቱን ሠርቶ ጎህ ሲቀድ ይገባል፣ እንቅልፍ ግን እምቢ ይለዋል። እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር ከሥራ በፊት የቀራትን እንቅልፍ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቃት፤ እሱ ኩሽና ውስጥ ድስት ሲያንኳኳ ከመኝታ ቤት «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተኛ ወይ ውጣ!» ትላለች። አንድ ቀን ወጣ። እኔም ዶሮ ሳይጮህ የምነሳ ልጅ ነበርኩና ጃኬቴን ከፒጃማዬ ላይ ደርቤ ተከተልኩት። ወፍ የማየት ነገር የተጀመረው እንዲህ፣ ከቤት በመባረር ነው።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ብዙ ጊዜ ሰማዩና ውኃው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው፣ የትኛው የት እንደሚያልቅ አይለይም ነበር። አባዬ ዋይት ሴንተር ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛውን ሩቅ የሚያቀርብ መነጽር፣ ባይናኩላሩን፣ ማንጠልጠያው ስለተበጠሰ በጫማ ማሰሪያ ከአንገቱ ያስረዋል። ስለ ወፍ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እኔም አላውቅም። ስለዚህ ስም ያወጣንላቸው ራሳችን ነን። ድንጋይ ላይ ቆሞ ጥቁር ክንፉን ዘርግቶ የሚያደርቀው «ሰባኪው» ነበር፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ፓስተራችን እጁን በዘረጋ ቁጥር አባዬ በክርኑ ይጎስመኝና ሁለታችንም አንገታችንን እንደፋለን፣ እማዬ ጸሎት የነካን ይመስላታል። ከማዕበሉ ፊት ፊት እየሮጡ እግራቸውን የማያስነኩት ትንንሾቹ «ተላላኪዎቹ» ነበሩ። እንጨት ላይ ተቀምጣ ያለ ምክንያት የምትነዘንዘው «ወይዘሮ ጭቅጭቅ» ነበረች። ከሁሉም በላይ የምንወደው ግን በረጅም እግሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ቀብሮ፣ ዕርቅ እንደሚያስብ ሰው የማይንቀሳቀሰውን ግራጫውን ወፍ ነበር። እሱን «ሽማግሌው» እንለው ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቴ እያለ፣ በአንድ የኖቬምበር ማለዳ፣ አባዬ ባይናኩላሩን ባሕሩ ላይ ደግኖ «ዛሬ ማንም የለም» አለ። እኔ ደግሞ ትንፋሼን ውጬ ቆሜ ነበር። ሽማግሌው ከአባዬ በስተግራ፣ እጁን ቢዘረጋ ሊነካው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቀርቦ ቆሟል። የዓይኑን ቢጫ ሳይቀር አየው ነበር።

«ዳድ፣ ዶንት ሙቭ» አልኩ በሹክሹክታ፤ ስደሰት እንግሊዝኛው ይቀድመኛል።

«ምን አለ?»

«ሽማግሌው! አጠገብህ ነው።»

«የት?»

«እዚህ፣ በግራህ! እንዴት አታየውም?»

አባዬ ጭንቅላቱን መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዞረ። ሳያገኘው ወፉ እንደ ዛገ በር ሲጥጥ ብሎ ተነሣ፤ ክንፉ የአባዬን ኮፍያ ሊያወልቅ ምንም አልቀረውም። አባዬ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል ባሕሩ የተፋው ግንድ ተረከዙን ያዘውና በጀርባው እርጥብ ጠጠር ላይ ወደቀ። እኔን ለማጽናናት ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና እዚያው እንደተቀመጠ፣ ሱሪው ውኃ እየጠጣ፣ «ሊዱ» አለኝ፣ «የግራ ዓይኔ ከሄደ ቆይቷል።»

«የት ሄደ?» አልኩት።

«ጠፋ ማለቴ ነው። ቀኙም መንገድ ጀምሯል።»

ግላኮማ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው አለኝ፤ ፊት ለፊት ያለው ይታያል፣ ዳር ዳሩ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዘጋል፤ የሄደውን ደግሞ ሐኪም አይመልሰውም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ብቻ ነው። እማዬ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ካወቀች ሥራህን አቁም ትለኛለች» አለ፣ «እኔ ደግሞ ከመንዳት ሌላ...» ብሎ ሳይጨርሰው ተነሣና ጠጠሩን ከጃኬቱ አራገፈ።

መኪናችን ውስጥ ገብተን ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። ዝናቡ በርትቶ ነበር። ከባሕሩ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ፣ የእግረኛ ማቋረጫው ጋ፣ አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ ከግራ በኩል ስትሻገር አየሁ፤ አባዬም አይቷታል ብዬ ነበር። መኪናው ግን አልቀነሰም።

«ስቶፕ! አባዬ ስቶፕ!»

ፍሬኑ ሲጮህና ሴትዮዋ ሁለት እጇን መኪናችን አፍንጫ ላይ ስታሳርፍ አንድ ሆነ። ውሻው እግሯ ሥር ገባ። ሴትዮዋ ቀና አለችና በንዴት «አር ዩ ብላይንድ?» ብላ ጮኸች። ዕውር ነህ እንዴ? ሰው ሲናደድ የሚለው ነገር ነው፣ መልስ አይጠበቅበትም። አባዬ ግን መስኮቱን አወረደና፣ ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ሰው በትሕትና፣ «የስ። አይ አም ሶሪ» አላት። ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችንና ውሻዋን ጎትታ ሄደች።

አባዬ መኪናውን ዳር ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ። ለረጅም ጊዜ መሪውን እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠና «በይ እንውረድ» አለኝ። ከዚያ ጠዋት በኋላ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ዳገቱን በዝናብ ተያይዘን ወጣን፤ እሱ እጄን የያዘው ሊጠብቀኝ ሳይሆን እንድመራው መሆኑን በአያያዙ አወቅሁት።

እማዬ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የት ቀራችሁ ልትል በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባዬ ጫማውን ሳያወልቅ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሁሉንም ነገራት፤ ዓይኑን፣ ጠብታውን፣ ሴትዮዋን። ትጮሃለች ብዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። የጫማ መደርደሪያው ላይ ቁጭ አለችና «ይህን ሁሉ ጊዜ ለብቻህ?» አለችው። እሱ ያን ዕለት ማታ በአውቶቡስ ሄዶ ለአለቃው ራሱ ነገረው። ለጥቂት ወራት ዕቃ መለየት ላይ አቆዩት፤ በኋላ ያም ቀረ። እማዬ ሁለት ሥራ ያዘች። ሳቅ ከቤታችን ባይጠፋም ድምፁ ቀነሰ።

ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ጸለየለት። እጅ ጫኑበት፣ ዘይት ቀቡት፣ ጾሙለት፤ አባዬም በእውነት አሜን ይል ነበር፣ ልጅ ሆኜ ፊቱን አይ ስለነበር አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ግን ከሌላ ከተማ የመጣ አገልጋይ መድረክ ላይ ጠርቶት፣ እምነት ካለው ጠብታውን ዛሬውኑ እንዲጥል አዘዘው። «ወንድሜ» አለው አባዬ፣ «ጠብታውንም የሰጠኝ ጌታ ነው።» ወደ ወንበሩ ሲመለስ መንገዱ ጠፍቶት ከሁለት መደዳ በኋላ ሰዎች ጭን ላይ ሊቀመጥ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ባሕር ዳር መሄዳችንን አልተውንም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እንወርድ ነበር። አሁን የማየው እኔ ነኝ፣ እሱ ይጠይቃል። የጠየቀኝ ግን ስለ ቀለማቸው አልነበረም። «ሰባኪው ምን እያደረገ ነው?» ይለኛል። «ክንፉን እያደረቀ።» «እሱንማ ሁልጊዜ ነው። ደስ ብሎታል ወይስ ከፍቶታል?» እኔም ወፍ ይከፋዋል ወይ እያልኩ እየተነጫነጭኩ፣ እንደገና አይቼ፣ ዛሬ ትከሻው ወርዷል፣ ዛሬ ለማንም አይሰብክም እለዋለሁ። ሰውን ትክ ብሎ ማየት፣ አንድ ሰው ዝም ብሎ የቆመው ስለደከመው ይሁን ስለከፋው መለየት የተማርኩት እዚያ ነው፤ ዛሬ እንጀራዬን የማገኘው በነርስነት ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ያ ጠጠር ሳያስተምረኝ አልቀረም።

ሃይስኩል ልጨርስ ስል፣ ሰማዩ ለአንድ ጊዜ እንኳ በጠራበት የየካቲት ጠዋት፣ ግንድ ላይ ተቀምጠን ሳለ አባዬ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ «ነግቷል?» አለኝ። ፀሐይዋ ከኋላችን ከኮረብታው ወጥታ ውኃው ሁሉ ያብረቀርቅ ነበር፤ ወደ እኔ ሲዞር ጉንጩም ላይ አርፋ ነበር። «ነግቷል አባዬ» አልኩት። «እሺ» አለ፣ አንገቱን ነቅንቆ። ጥቂት ቆይቶ «እሺ» አለ እንደገና። ከዚያ ወዲያ ስለ ብርሃን ጠይቆኝ አያውቅም።

አባዬ የሞተው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አልጋው ላይ፣ እንቅልፍ ሳያስቸግረው ነው። ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ አስተዛዝኖ፣ ምግቡ አልቆ ወንበሩም ከተመለሰ በኋላ፣ በጁላይ ይመስለኛል፣ እማዬ «ከእሱ ጋር የምትሄዱበት ቦታ ውሰጅኝ» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አብራን ወርዳ አታውቅም ነበር። የእሑድ ጫማዋን አድርጋ መጣች፤ ጠጠሩ ላይ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ተራመደች። ባሕሩ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። ከሁለት ሦስት ነጫጭ ወፎች በቀር ማንም አልነበረበትም።

«ወፎቹስ?»

«ብዙዎቹ በሰመር የሉም እማዬ። ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፤ የሚመጡት በብርዱ ነው።»

«በዚያ ብርድ ነበር እንዴ የምትመጡት?» አለች። ግንዱ ላይ ጃኬቴን አንጥፌላት ተቀመጠች። አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ በልማድ ሁለታችንም እስኪያልፍ ጠበቅን።

«ታውቂያለሽ» አለች፣ ውኃውን እያየች፣ «እኔን መጨረሻ ሲያየኝ አርባ አልሞላኝም ነበር። ሽበቴን አያውቀውም። ጥርሴ ሲረግፍ፣ ወገቤ ሲጎብጥ አላየም። በእጁ ፊቴን ዳስሶ ‹አንቺ ልጅ› ይለኝ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት።» የእጇን ጀርባ፣ ደም ሥሩን፣ ገልብጣ አየችው። «ያረጀሁት እሱ ከሞተ ወዲህ ነው።»

እጇን ያዝኩት፤ ውኃው ጫማችን ድረስ እስኪመጣ ተቀምጠን ቆየን።