በክላክስ የምትጠራው ልጄ

ልጄን የሚፈልጋት ሰውዬ ስሟን ሲጠራ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ያኔ ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነበርን። በየሠፈሩ ሕንፃ እንደ እንጉዳይ የሚበቅልበት ጊዜ ነው። እሱም ለነዚያ ሕንፃዎች አሸዋ የሚያቀርብ፣ ጥቁር መነጽሩን በዝናብ እንኳ የማያወልቅ ጎረምሳ ነበር። ታች ፒካፑን ያቆምና ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል። ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ዲግሪ ያላት ልጄ ጫማዋን በወጉ ሳታጠልቅ ደረጃውን እየበረረች ትወርዳለች።

«ስም የለሽም እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«እማዬ ደግሞ። ወሬኛ አይደለም፣ ወንድ ነው። ሌሎቹ እኮ ሜሴጅ ሲልኩ ነው የሚውሉት። ‹ዋልሽ፣ በላሽ› ሲሉኝ ይደብረኛል።»

«በሬም እኮ ወሬ አያበዛም።»

እሷ ሳቀች።

ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይችን ትምህርት ግን ጠንቅቄ ተምሬያታለሁ። አባቷ አጥራችን ሥር ቆሞ ያፏጭልኝ ነበር፣ እኔም እሮጥ ነበር። አንድ የሠፈር ልጅ ሲያገኘኝ እንዴት እንደዋልኩ ይጠይቀኛል፣ የነገርኩትንም በሳምንቱ ያስታውሳል። እሱን ሴታሴት ነው ብዬ ናቅሁት። ዝም የሚለው አባቷ ውስጥ ብዙ ነገር የተቀመጠ መሰለኝ። አግብቼው ሃያ ዓመት ብፈልግ ምንም የለም። ባዶ ጎተራም ዝም ይላል። ልጄን የወለድኩ ቀን መጥቶ «ሴት ናት?» አለና ወጣ። ወጥ ጨው ሲያንሰው ሳህኑን ገፋ ያደርጋል፤ ንግግሩ ያ ነው። ምን ይወድ እንደነበር ሳላውቅ ቀበርኩት።

አንድ እሁድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ልጃችን ቁጥብ ነው» አሉ ትልቁ። «ከአፉ ክፉ አይወጣም።»

«ደጉስ ወጥቶ ያውቃል?»

ፊታቸው ጠቆረ። «እህቴ፣ እዚህ ቤት መልስ የሚሰጥ ወንድ የለም?»

«ሞቷል፣ አባቴ። በነበረ ጊዜም አይመልስም ነበር።»

አንደኛው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። እኔ ቀጠልኩ። «ጥሎሽ አልጠይቅም። ለምን እንደሚፈልጋት ራሱ መጥቶ በአፉ ይንገረኝ። የት ነው?»

«ታች፣ መኪናው ውስጥ። ግን በወጋችን ልጁ አይገባም። የሱ አፍ እኛ ነን።»

«ከተጋቡ በኋላስ እየመጣችሁ ልታወሩላት ነው?»

ትልቁ ተናደው ስልክ አስደወሉና «ና ውጣ፣ እናትየዋ ትፈልግሃለች» አሉት። ከታች ሁለቴ ክላክስ ተሰማ።

ልጄ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። አንድ እግሯ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች እግሯን አዩ፣ እኔም አየሁ። እሷም አየችው። ፊቷ ሲቀላ የዚያን ቀን ነው ያየሁት። ጫማዋን አውልቃ በረንዳው ላይ ወጣችና «ውጣና ተናገር!» አለችው፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ። እሱ ሦስተኛ፣ ረጅም ክላክስ ነፋ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ይሄ ነው እንግዲህ ወንድነቱ።

ሽማግሌዎቹን ያመጣቸው እሱ ነበር። «አሁን እኛን ማን ሊያደርሰን ነው?» አሉ ትልቁ።

«ደውሉና ጠይቁት። ያወራችኋል» አልኳቸው። እስከ መገናኛ በታክሲ ሄዱ።

ልጄ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። እኔ ግን የፈራሁት ኩርፊያዋን አልነበረም። በአራተኛው ቀን እራት ላይ ሳለን ታች የማን እንደሆነ የማይታወቅ መኪና ሁለቴ ክላክስ አደረገ። ሁለታችንም እኩል ተነሣን፤ እሷ ወደ በረንዳው፣ እኔ በሩን ልቆልፍ።