አማች ከቅርጫት ሥር
በደርግ ጊዜ የሸዋ ሮቢት ቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋች ነበርኩ። ሁላችንም አጫጭር ነን፤ እኔ ደግሞ የአጫጭሮች አለቃ። አሰልጣኛችን ጋሼ ተፈራ፣ «ወርዋሪ ሞልቶናል፤ የጎደለን ቁመት ነው» ብለው አሊን ከሽንኩርት ማሳው አመጡት። አሊ ቆሞ ቅርጫቱን ይነካል። እሱ ከቀናው የኔ ነገር አበቃ።

ከካራቆሬ ጋር ስንገጥም ኳሱን አቀበልኩት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ለተጋጣሚያችን ተጫዋች ሰጠው!

«ምን ነካህ?» ብለው ጋሼ ጮኹ።

«የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው! እንዴት እሻማቸዋለሁ?»

አማቹም ነውር ሆነበትና፣ «ወላሂ አልቀበልም፣ አንተው ያዝ!» አለ።

«ኧረ በአላህ፣ አንቱ ይያዙ!»

እነሱ ሲግደረደሩ በብብታቸው ሥር ሾልኬ ኳሱን ወሰድኩና አገባሁ።

ጋሼ ወደ አሊ ሮጡ። «ሚስትህ ካራቆሬ ቡድን ውስጥ ሌላ ወንድም የላትም?»