ከፑኝዶ እስከ ችሎት፦ ያልተጠጣው ውኃ

ከፑኝዶ ጋምቤላ የሄድነው በጎረቤቴ በአሪየት ልጅ በአጁሉ ጉዳይ ነው። አምና አንድ የግል ክሊኒክ የልጅቷን ትርፍ አንጀት ሲያወጣ ጎዝ የሚባለውን የደም መጥረጊያ ጨርቅ ሆዷ ውስጥ ረስቶ ሰፋት። ጎዙ በሌላ ሆስፒታል ወጣ፤ አንጀቷ ግን ስለተጎዳ ገና አንድ ኦፕራሲዮን ይቀራታል። ክሊኒኩ ካሳ ከፍሎ ለመታረቅ ተስማማ። ተጎጂዋ ሕፃን ስለሆነች ዕርቁ ዳኛ ካላጸደቀው አይጸናም። እኔ መምህርት ነኝ፤ አሪየት የፈረመችበትን የዕርቅ ውል እንዳነብላት ይዛኝ ሄደች።

አቦቦ

የተሳፈርንበት ላንድ ክሩዘር ሰው በሰው ላይ ጭኗል። መንገዱ ባነጠረን ቁጥር አጁሉ ሆዷን በሁለት እጇ ትይዛለች፤ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። መንገዳችን ላይ ባለችው አቦቦ ከተማ ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር በሁለት መቶ ብር የተጠበሰ ዓሣ ገዛሁ። አሪየት አልቀመሰችም። ውሉን አነበብኩላት፤ መጨረሻው «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ አላነሳም» ይላል።

«የሚቀረው ኦፕራሲዮንስ?»

«አልተጻፈም።»

«ዶክተሩ በአፉ አሳክማለሁ ብሏል።»

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ተረቱን ግን አልነገርኳትም፤ ዕርቁን ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ።

ጋምቤላ

ከመናኸሪያ በባጃጅ ፍርድ ቤት ደረስን። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር የክሊኒኩ ባለቤት፣ አጁሉን ቀዶ የሰፋው ሐኪም ራሱ፣ ቆሟል። ሲያየን የታሸገ ውኃ ይዞ መጣ። ጉሮሮዬ ደርቆ ስለነበር እጄን ዘረጋሁ፤ አሪየት ያዘችኝ።

«ቲቸር፣ ተይ። በእኛ ወግ ነገር ሳያልቅ ከባለጋራ ጋር ውኃ አይጠጣም።»

ሐኪሙ ጠርሙሱን ማንጎው ሥር አስቀመጠው።

ችሎት ገባን። ዳኛዋ ውሉን አንብበው ቀና አሉ። «ይህች ልጅ ነገ ብትታመም ማን ያሳክማታል?»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተዋዋዮቹ ፈቅደው ፈርመዋል» አለ የክሊኒኩ ጠበቃ።

«ልጅቷ አልፈረመችም። እንዲህ ከሆነ አላጸድቀውም።»

ደነገጥኩ። ዕርቁ ከፈረሰ ክርክሩ ዓመት ይፈጃል፤ የአጁሉ ሆድ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ጠበቃው እጅጌውን ቢጎትተውም ሐኪሙ ተነሳ።

«እስክትድን እኛ እናሳክማታለን። ይጻፍ።»

ተጻፈ። ለአሪየት ተነበበላት፤ ፈረመች። ዳኛዋም አጸደቁ።

ስንወጣ ውኃው እንደ ሻይ ሞቋል። አሪየት ከፈተችው፤ አጁሉን አስቀመሰቻት፣ ራሷ ጠጣች፣ ከዚያ ለሐኪሙ አቀበለችው። ሰውየው አንዴ ተጎንጭቶ ፊቱን ወደ ማንጎው አዞረ። እያለቀሰ ነበር።

መልስ

በማግስቱ ፑኝዶ ገባን። ዕርቅ ሲፈርሙ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዳኛም ውኃም ይፈልጋል። አጁሉ መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ተኝታ መጣች። እጇን ግን ከሆዷ ላይ አላነሳችም።